ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን፦ ዱባይ ላይ ገና ያላለቀ ቤት ስትገዙ

ስልካችሁን ከፍታችሁ ቲክቶክ ላይ ትንሽ ከቆያችሁ መምጣቱ አይቀርም። ሱፍ የለበሰ ልጅ ከጀርባው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ አድርጎ «በወር አንድ በመቶ ብቻ እየከፈሉ የዱባይ ቤት ባለቤት ይሁኑ» ይላል። በአማርኛ ነው የሚለው። ማታ ላይ ደግሞ አቡዳቢ ያለችው እህታችሁ ወይም ሜሪላንድ ያለው ወንድማችሁ ይደውላል። «አየኸው? ምን ትላለህ?» ገንዘቡ እዚያ፣ ቤቱ እዚያ፣ ምክር የሚጠየቀው ግን እዚህ ጎጃም ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ የዘመድ አዝማዱ ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ይላካል፤ አነባለሁ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። ከዚያ የተጠራቀመውን ነው እዚህ የማወርደው። የምጽፈውም ውጭ አገር ሠርቶ ገንዘብ ላጠራቀመ የአገሬ ልጅና ከጎኑ ሆኖ «ቆይ እስኪ» ለሚለው ቤተሰብ ነው።

ያላለቀ ቤት የገዛ ሰው ለሁለት ለሦስት ዓመት እጁ ላይ የሚኖረው ወረቀት ብቻ ነው። የሚያብረቀርቀው ቪዲዮ፣ ሽያጭ ቢሮው ውስጥ መስታወት ስር ያለው ትንሽዬ ፎቅ፣ ሶፋውና ቡናው ምንም አይጠቅሟችሁም። ወረቀቱ ደህና ከሆነ ቤቱ ቢዘገይ እንኳ የምትከራከሩበት ነገር አላችሁ። ወረቀቱ ከተበላሸ ግን የሚሰማችሁ የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ በአብዛኛው ስለ ወረቀት ነው።

ገንዘቡ ከየት ነው?

እዚህ ላይ ግልጽ እንነጋገር። ቡሬ ላይ በበቆሎ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ በበርበሬ ያተረፈ ነጋዴ ብሩን ይዞ ባንክ ሄዶ «ዱባይ ቤት ልገዛ ነው፣ ድርሃም ላኩልኝ» ቢል አይስተናገድም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሬ ተመን በገበያ ይወሰን ተብሏል፣ እውነት ነው። ይህ ማለት ግን አገር ውስጥ የሚኖር ሰው እንደልቡ ገንዘብ እያወጣ ውጭ አገር ቤት ይግዛ ማለት አይደለም። «በጥቁር ገበያ እናደርስላችኋለን» የሚሉ አሉ። ወንጀል ነው፣ በዚያ ላይ ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር ለማን ታመለክታላችሁ?

ዱባይም ዝም ብሎ አይቀበልም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለቤት ግዢ 55,000 ድርሃምና ከዚያ በላይ በጥሬው የተከፈለ እንደሆነ ሻጩም ደላላውም ለመንግሥት ማሳወቅ አለባቸው። ከሦስተኛ ሰው ሒሳብ የመጣ ገንዘብም ብዙ ጊዜ ያስጠይቃል። ስለዚህ ክፍያው ከገዢው ከራሱ የባንክ ሒሳብ ይውጣ። የደመወዝ ወይም የንግድ ማስረጃውም ተያይዞ ይቀመጥ።

ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፤ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው። አንድ ሚሊዮን ድርሃም እንግዲህ 272,000 ዶላር ገደማ ይመጣል። በዶላር የሚያገኝ ሰው በዚህ በኩል ሐሳብ የለበትም። በዩሮ ወይም በፓውንድ ደመወዙን የሚያገኝ ግን ክፍያው ሦስት ዓመት ሲዘልቅ ምንዛሬው ሊከብደውም ሊቀለውም እንደሚችል አስቦ ይግባ።

የት ይገዛል?

የውጭ ዜጋ ዱባይ ላይ በፈለገው ሰፈር አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሕግ ቁጥር 7 የውጭ ሰው ሙሉ ባለቤት የሚሆንባቸው ቦታዎች ተለይተው እንዲታወቁ አድርጓል። ዱባይ ማሪና፣ ዳውንታውን፣ ቢዝነስ ቤይ፣ ፓልም ጁሜይራ፣ ጁሜይራ ቪሌጅ ሰርክል ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ለመግዛት የመኖሪያ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ፓስፖርት ይበቃል። ዜግነት ግን የለም፣ እሱን እርሱት። ሁለት ሚሊዮን ድርሃም የሚያወጣ ንብረት ያለው ሰው የ10 ዓመቱን የወርቅ ቪዛ ማመልከት ይችላል። ደላላው በአነስተኛ ቤት ላይ ቪዛ እየማለ ከሸጠላችሁ የትኛው ቪዛ፣ ለስንት ዓመት፣ በምን ሁኔታ የሚለውን በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ደላላው

ዱባይ ላይ ደላላነት ፈቃድ ያለው ሥራ ነው። ሬራ የሚባለው የሪል እስቴት ተቆጣጣሪ መዝግቦ የደላላ ቁጥር ይሰጣል። ማስታወቂያውም የራሱ ፈቃድ ቁጥርና ኪውአር ኮድ ሊኖረው ይገባል። ልጁን ቁጥሩን ጠይቁት። ደንገጥ ካለ፣ ወይም «እኔ ከድርጅቱ ጋር ነው የምሠራው» ብሎ ወሬ ካስረዘመ፣ ስልኩን ዝጉ።

ከአልሚው፣ ማለትም ሕንፃውን ሠርቶ ከሚሸጠው ድርጅት፣ በቀጥታ በሚሸጥ አዲስ ቤት ላይ ኮሚሽኑን የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ አልሚው ነው። ለዚህ ነው «ለእናንተ አገልግሎቱ በነጻ ነው» የሚሏችሁ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ለልጁ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አትርሱ። ቤቱ ከሌላ ገዢ የሚዞር ከሆነ ደግሞ የተለመደው 2 በመቶና በኮሚሽኑ ላይ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እናንተ ላይ ይመጣል።

አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው «የዛሬው ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። እንዲህ ዓይነት ቦታ መሄድ ክፋት የለውም። ብሮሹር ሰብስቡ፣ ዋጋ ጠይቁ፣ ተመለሱ። ፊርማ ግን አዳራሽ ውስጥ አይሁን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቤት ስትደርሱ የዱባይ የመሬት መምሪያን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ዱባይ ሬስት ይባላል። የፕሮጀክቱን ስም ስታስገቡ መመዝገቡን፣ አልሚው ማን እንደሆነና ግንባታው ስንት በመቶ እንደደረሰ ያሳያችኋል። ደላላው «ግማሽ ደርሷል» ካለና አፑ ላይ 12 በመቶ ከተጻፈ ነገሩ አለቀ። የአልሚውን ስም ያዙና ከዚህ በፊት የጨረሳቸውን ሕንፃዎች ፈልጉ። እዚያ የምታውቁት ሰው ካለ፣ መቼም ዱባይ የሌለው የጎጃም ቤተሰብ ስንት ነው፣ በእረፍቱ ቀን ሄዶ የድሮውን ሕንፃ አሳንሰር፣ መተላለፊያና መኪና ማቆሚያ ይይ። ጥበቃውን ሰላም ብሎ «አሳንሰሩ ይበላሻል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። አምስት ዓመት የኖረ ሕንፃ ብዙ ይናገራል።

ብሩ የሚገባበት ሒሳብ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ ቁጥር 8 እያንዳንዱ ያላለቀ ፕሮጀክት የራሱ ኤስክሮ የሚባል ዝግ ሒሳብ እንዲኖረው ያዛል። የገዢዎች ገንዘብ እዚያ ይገባል፣ አልሚውም ግንባታው በሄደ መጠን እያስፈቀደ ያወጣል። ካለቀ በኋላም 5 በመቶው ለአንድ ዓመት እዚያው ይቆያል፣ ጉድለት ቢወጣ መያዣ እንዲሆን።

ሕጉ ጥሩ ነው፣ ተአምር ግን አይሠራም። ከወጣ በዓመቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣ፣ የዱባይ ቤት ዋጋ ወረደ፣ ብዙ ፕሮጀክቶች ተሰረዙ፣ ገዢዎችም ለዓመታት ተንገላቱ። ዛሬም ገበያው ሞቅ ሲል ያንን የሚያስታውስ ደላላ አታገኙም።

እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የኤስክሮውን ሒሳብ ቁጥር፣ የባንኩን ስምና የሒሳቡን ስም ተቀበሉ። የሒሳቡ ስም ከፕሮጀክቱ ጋር መያያዝ አለበት። ያንንም ከመሬት መምሪያው መረጃ ጋር አስተያዩት። ደላላው «ቶሎ እንዲያልቅ ለጊዜው በእኔ ሒሳብ አስገቡት» ካለ አታመንቱ፣ ተዉት። ዘመድ ቢሆንም፣ የአንድ አገር ልጅ ቢሆንም፣ በማኅበር የምታውቁት ቢሆንም። በተለይ የአንድ አገር ልጅ ከሆነ፣ ምክንያቱም ኋላ ሽማግሌ እንጂ ፍርድ ቤት መሄድ ያሳፍራችኋል።

ቀብዱና ውሉ

አካሄዱ በተለምዶ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመያዣ ፎርም ትሞላላችሁ፣ ከዋጋው 10 ወይም 20 በመቶ ትከፍላላችሁ፣ ለመሬት መምሪያው 4 በመቶና ጥቂት የምዝገባ ክፍያ ትጨምራላችሁ። ከዚያ የሽያጭ ውሉ ይመጣል። ውሉ ሲፈረም ግዢው ዑቁድ በሚባለው የጊዜያዊ ምዝገባ ሥርዓት ውስጥ በስማችሁ ይገባል። የዑቁድ ወረቀት እስኪደርሳችሁ ድረስ ገዛን አትበሉ። ሰንጋም አትረዱ።

ችግሩ ቀብዱ ከውሉ መቅደሙ ነው። ፎርሙ ላይ «ገዢው ቢተው ገንዘቡ አይመለስም» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ አለ፣ ውሉ ደግሞ ገና አልታየም። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ የውሉን ረቂቅ ጠይቁ። ይሰጣሉ። «የለም» የሚል ሻጭ ካለ እሱ ራሱ መልስ ነው። ውሉ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ነው የሚመጣው፣ ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤቱ የሚያየው ዓረብኛውን ነው። ጠበቃ ማስነበብ ያስከፍላል፣ ግን ከ4 በመቶው ጋር ስታስተያዩት ኢምንት ነው።

ውሉ ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው የማስረከቢያውን ቀን ነው። ማስታወቂያው አንድ ቀን ይላል፣ ውሉ ደግሞ «የሚጠበቀው ቀን» ብሎ ከታች አልሚው እስከ 12 ወር ሊያራዝም ይችላል ይላል። የምታሰሉት ከነማራዘሚያው ነው። የቤት ኪራይ እየከፈለ የሚጠብቅ ሰው አንድ ዓመት ተጨማሪ ኪራይ አሁኑኑ ወጪው ውስጥ ይጨምር።

ቀጥሎ ልኩ። እኛ እንኳ በ1960 ዓ.ም. መሬታችሁ ሊለካ ነው ሲባል ጠመንጃ ያነሳ አገር ልጆች ነን፣ በልክ ነገር አንታማም። ዱባይ ላይ ቤት የሚለካው በስኩዌር ፊት ነው። ወደ ካሬ ሜትር ለማምጣት ለ10.76 አካፍሉ፤ 700 ስኩዌር ፊት 65 ካሬ ገደማ ይሆናል። ብሮሹሩ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በረንዳውንም ይጨምራል። በረንዳው 120 ከሆነ የምትኖሩበት 580 ነው ማለት ነው። ሲያልቅ ቤቱ ከውሉ ከ5 በመቶ በላይ ካነሰ አልሚው እንዲክስ ደንቡ ያዛል። ከበለጠ ደግሞ ውሉ ላይ ካልተስማማችሁ በቀር ለትርፉ አያስከፍላችሁም። ስለዚህ ውሉ ላይ ምን ብላችሁ እንደተስማማችሁ እዩ።

አሁን ዋናው፦ መክፈል ቢያቅታችሁስ? ይህን ቲክቶክ ላይ ያለው ልጅ አይነግራችሁም። አልሚው ለመሬት መምሪያው ያሳውቃል፣ መምሪያው ለእናንተ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በዚያ ውስጥ ካልተስተካከለ አልሚው ውሉን አፍርሶ ከገንዘቡ ማስቀረት ይችላል። ስንት የሚለው በግንባታው ደረጃ ይወሰናል። ግንባታው ተጀምሮ 60 በመቶ ካልደረሰ ከቤቱ ዋጋ እስከ 25 በመቶ፣ ከ60 በላይ ከሆነ እስከ 40 በመቶ። ልብ በሉ፣ ከከፈላችሁት አይደለም፣ ከቤቱ ሙሉ ዋጋ ነው።

በቁጥር እንየው። ቤቱ አንድ ሚሊዮን ድርሃም ነው። እህታችሁ 20 በመቶ ቀብድ ከፈለች፣ ከዚያ በወር አንድ በመቶ እያለች አምስት ወር ሄደች፣ በጠቅላላው 250,000 ድርሃም። ከዚያ ሥራዋን አጣች። ግንባታው 30 በመቶ ላይ ነው። ሕጉ አልሚው እስከ 250,000 ድረስ እንዲያስቀር ይፈቅድለታል። ሙሉውን ማለት ነው። ለመሬት መምሪያው የከፈለችው 40,000ም አይመለስም። «በወር አንድ በመቶ ብቻ» የሚለው ነገር አሥር ሺህ ድርሃም በየወሩ፣ ሥራ ኖረም አልኖረም፣ መሆኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የእኔ ምክር የስድስት ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ከጎን ያልያዘ ሰው ባይጀምረው ነው።

መክፈል ሲያቅት ሸጦ መውጣት ይቻላል አይደል ወይ ትሉኛላችሁ። ይቻላል፣ ግን አልሚው ፈቃድ መስጠት አለበት፣ ፈቃዱን ደግሞ አብዛኛው የሚሰጠው ከዋጋው 30 ወይም 40 በመቶ ከተከፈለ በኋላ ነው። ውሉ ውስጥ ቁጥሩን ፈልጉ።

ሌላ ለእኛ አካባቢ ሰው ብቻ የምለው ነገር አለ። ውሉ ላይ የማሳወቂያ ኢሜይልና ስልክ ይጻፋል፤ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ወደዚያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር ማንም አይረሳውም። እዚህ ያለ ወንድም ወይም አባት አድራሻ እንደ ዋና ማሳወቂያ እንዳይጻፍ። መስመር የማይጠፋበት ቦታ ያለ ሰው አድራሻ ይሁን፣ የእዚህኛው ተጨማሪ ይሁን።

አዋሳኙ ማነው?

ወደ ቢቸና አካባቢ ያሉ አንድ አባት ልጃቸው ከዱባይ ደውላ ቤት ልገዛ ነው ስትላቸው መጀመሪያ የጠየቋት ይህን ነው።

«አዋሳኙ ማነው?»

«አባ፣ ፎቅ እኮ ነው! አሥራ ሰባተኛ ፎቅ።»

«ፎቅስ ቢሆን። በምሥራቅ በኩል ማን አለ?»

ልጅቱ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ሰውየው ትክክል ናቸው። ብሮሹሩ ላይ «ባሕር ያያል» የተባለው መስኮት ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ካለ እሱም ቦታ ባለቤት አለው፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ አርባ ፎቅ ሊበቅልበት ይችላል። ለመስኮቱ ብላችሁ ተጨማሪ የከፈላችሁት ገንዘብ ያኔ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የሰፈሩን ማስተር ፕላን ጠይቁ። በስተምሥራቅ፣ በስተምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ምን ሊሠራ ተፈቅዷል? መንገድ ነው? ትምህርት ቤት ነው? የማቀዝቀዣ ጣቢያ ነው? እንደ መሬት ደብተራችሁ አራቱንም አዋሳኝ ጻፉ።

ስም በማን ይውጣ?

እኛ ቤት የሚገዛው በአንድ ሰው ደመወዝ አይደለም። አንዱ ከዴንቨር ይልካል፣ አንዷ ከዱባይ ትጨምራለች፣ ሦስተኛው «ሲሸጥ ትመልሱልኛላችሁ» ብሎ ይሰጣል። ስም የሚወጣው ግን ቅርብ ባለው ሰው ነው። ከዚያ ሰውየው ያገባል፣ ወይም ይታመማል፣ ወይም ዝም ይላል። በወንድማማች መካከል የመሬት ክርክር እንዴት እንደሚያልቅ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም።

ዱባይ ላይ አንድ ቤት በብዙ ሰው ስም፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛ ተጽፎ መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ያዋጣ ሁሉ ስሙ ይግባ። ከመጀመሪያው፣ ዑቁዱ ሲወጣ። ኋላ ስም መጨመር ሌላ ክፍያ ነው። የሚያበድር ወንድም ካለ ብድር መሆኑ በሁለት ገጽ ውል ይጻፍ። «እንዴት ከወንድሜ ጋር ውል?» የሚል ሰው ይኖራል፣ ይኑር፣ ጻፉት።

ሁሉም ሄዶ መፈረም ካልቻለ ውክልና ያስፈልጋል። አገር ቤት የተሰጠ ውክልና እንዲያው በፎቶ ተልኮ አይሠራም፤ በሰነድ ማረጋገጫ ጸድቆ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በኤምሬትስ ኤምባሲ ማኅተም አልፎ፣ እዚያም ተረጋግጦ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ ዓረብኛ መመለስ አለበት። ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጀምሩት። ውክልናው ውስጥ ምን ምን እንደተፈቀደ ለዩ። «ለመግዛትና ለመፈረም» ሌላ ነው፣ «ለመሸጥና ገንዘብ ለመቀበል» ሌላ ነው። ሁለተኛውን ለማንም በቀላሉ አትስጡ።

ኑዛዜንም አትዝለሉ፣ ደስ የማይል ወሬ ቢሆንም። ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች ዱባይ ውስጥ ዲአይኤፍሲ በሚባለው የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ፍርድ ቤት በኩል ኑዛዜ የሚመዘገብበት አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አለ። ሙስሊም ለሆነ ሰው ውርሱ በሸሪዓ ነው የሚሄደው። ኑዛዜ የሌለው ሰው ሲሞት ቤቱ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ እናት ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ሆነው የወራሽነት ማስረጃ ሲያስተረጉሙ ይከርማሉ።

የማይነገሩ ወጪዎች

ዱባይ ዓመታዊ የንብረት ግብር የለም ሲሏችሁ እውነት ነው። ሌላው ግን አለ። ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለው የጋራ ሕንፃ መጠበቂያ በየዓመቱ በስኩዌር ፊት ይከፈላል። ለምሳሌ 15 ድርሃም ቢሆን ለ700 ስኩዌር ፊት 10,500 ድርሃም ነው፣ ቤቱ ባዶም ቢሆን። መዋኛው በበዛ፣ አዳራሹ ባማረ ቁጥር ይህ ቁጥር ያድጋል። የሰፈሩን ሌሎች ሕንፃዎች የጸደቀ ሰርቪስ ቻርጅ ከመሬት መምሪያው መረጃ ላይ ማየት ይቻላል።

መብራትና ውኃ ስትከፍቱ ዲዋ የሚባለው የመብራትና የውኃ ድርጅት ለአፓርታማ 2,000፣ ለቪላ 4,000 ድርሃም መያዣ ይቀበላል፣ ስትወጡ ይመልሳል። ማቀዝቀዣው ከማዕከል የሚመጣ ከሆነ ግን ልብ በሉ። ባትጠቀሙበትም የሚከፈል ቋሚ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። ማዕከላዊውን ማቀዝቀዣ ቺለር ይሉታል፤ «ቺለሩ የማን ነው፣ ቋሚ ክፍያው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችን ጥያቄ ስትጠይቁ ደላላው ቀና ብሎ ያያችኋል።

«ለሦስት ዓመት 8 በመቶ የኪራይ ገቢ ዋስትና» የሚል ማባበያ ካለስ? እኔ አልወደውም። ዋስትናው ከራሳችሁ ዋጋ ላይ ተጨምሮ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ካለ ተመሳሳይ ቤት ዋጋ ጋር አወዳድሩትና ፍረዱ።

ብድርን በተመለከተ ደግሞ፣ የኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ ላላለቀ ቤት ከዋጋው ግማሽ በላይ ማበደርን አይፈቅድም። ክፍያው 60 በመቶ በግንባታ ጊዜ፣ 40 በመቶ ቁልፍ ሲሰጥ ከሆነና «ለ40ው ያን ጊዜ እበደራለሁ» ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ያን ጊዜ ደመወዛችሁ፣ ዕድሜያችሁና የቤቱ ግምት ምን እንደሚሆን ዛሬ አይታወቅም። ባንኩ የሚያበድረው በራሱ ግምት እንጂ በገዛችሁበት ዋጋ አይደለም። አሁኑኑ ሄዳችሁ ባንኩን ጠይቁ። የምትሄዱበትን ቀን ብቻ ምረጡ፣ ቅርንጫፉ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቁልፍ ስትረከቡ

አልሚው ቤቱ አልቋል ብሎ ደብዳቤ ይልካል፣ ቀሪውን ክፍያ ይጠይቃል። ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን የሚፈትሽ ባለሙያ ውሰዱ፣ በሥራው የሚተዳደሩ ሞልተዋል። ገንዘብ ካጠረ ራሳችሁም ብትሆኑ ግማሽ ቀን ስጡት። ሁሉንም ሶኬት በስልክ ቻርጀር ሞክሩ። የመታጠቢያ ቤቱን መውረጃ በጨርቅ ድፈኑና ወለሉ ላይ ትንሽ ውኃ ልቀቁ፣ ስትከፍቱት ውኃው ወደ መውረጃው ይሄዳል ወይስ ወደ መኝታ ቤቱ በር? የወለሉን ንጣፍ በሳንቲም እያንኳኳችሁ ሂዱ፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥር ሲሚንቶ የለም። መስኮቱን ዝጉና ዳሩ ላይ እጃችሁን አድርጉ፣ አየር ይገባል? ማቀዝቀዣውን ሁለት ሰዓት አሠሩት። በጥር ከሆነ የምትረከቡት ምንም አይታወቅም፣ እውነተኛው ፈተና ነሐሴ ላይ ነው። የኛ ነሐሴ ጋቢ ያስለብሳል፣ የዱባይ ነሐሴ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ከነእርጥበቱ ነው። ቤቱን ባዶ ዘግታችሁ ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ ከሄዳችሁ ግድግዳው ሊሻግት ይችላል።

ያገኛችሁትን ጉድለት ሁሉ በፎቶ አድርጉና ዝርዝሩን አስፈርሙ። ከዚያ ሠርተው ሲጨርሱ እንደገና እዩ። በሕጉ መሠረት ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለማቀዝቀዣና ለመሰል ሥራዎች አልሚው ከርክክብ ጀምሮ አንድ ዓመት ይጠየቃል። የሕንፃው አጥንት ላይ ለሚወጣ ጉድለት ደግሞ 10 ዓመት። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያዋን አንድ ዓመት ዝም ብሎ ያሳልፋታል። አሥረኛው ወር ላይ ስልካችሁ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉና ሙሉ ቤቱን እንደገና ፈትሹ፣ ተከራይ ካለም ተከራዩን ጠይቁ።

ክፍያው አልቆ ሕንፃው ሲመዘገብ የዑቁዱ ወረቀት በባለቤትነት ማረጋገጫው ይተካል። ስማችሁን ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የእኛ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል አሥር ዓይነት ነው የሚጻፈው፤ በአንዱ ፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በታደሰው ሌላ ዓይነት። ፓስፖርት ካደሳችሁ በኋላ የቁጥሩን ለውጥ ለመሬት መምሪያው አሳውቁ።

ልታከራዩ ከሆነ የኪራይ ውሉ ኢጃሪ በሚባለው ሥርዓት መመዝገብ አለበት። ኋላ ራሳችሁ ልትገቡ ወይም ልትሸጡ ፈልጋችሁ ተከራዩን ለማስወጣት ደግሞ በኖታሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) በኩል ወይም በአደራ ደብዳቤ (ሪኮማንዴ) የተላከ የ12 ወር ማስጠንቀቂያ ይጠየቃል። «ለፋሲካ እንገባለን» ብላችሁ ያሰባችሁ ሰዎች ማስጠንቀቂያውን ካለፈው ፋሲካ በፊት መላክ ነበረባችሁ።